ድምፅ ስጥ አሉኝ

ደብዳቤው ደረሰ፣ ከበረዶው ጋራ፣
ስምንት ስም ታትሞበት ተራ በተራ።
«ቨርሊን ሆጌን ሆይ፣ ጡረተኛው ዳኛ፣
አሰልጣኞቹን ደርድር፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ፤
ድምፅ ስጥ» ይለኛል።
            እኔ ድምፅ ምን አለኝ?
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፊሽካ ነው ያናገረኝ።

እዚህ ሰሜን ዳኮታ፣ ስንዴው ከበረዶ ሥር ሲተኛ፣
የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ነው ምድጃችን፣ የሰው መገናኛ።
ወረቀቱን ዘረጋሁ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ፣
እርሳሴን ቀረጽኩኝ፤ ውጪ ንፋስ በዛ።

ከስታንገላንድ ልጀምር፣ ከሽማግሌው ኦርቪል፤
ስድስት መቶ ድል አለው፣ በአፉ ግን የለም ቃል።
ፎጣ ያኝካል እንጂ አይጮህም፣ አይቆጣም፤
ልጁ ኳስ ቢያስነጥቅ ከወንበሩ አይነሣም።
ቀና ብሎ ያየዋል፣ አንዴ ብቻ፣ በቃ፤
ልጁ ይሮጣል ያኔ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ።
ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሳየው ከቅርብ
ከዚያ ዝምታ ውስጥ ነበረ የሚያስፈራ ረሃብ።

ዴልሮይ ፒንክስተን ደግሞ፣ የባቡር ጣቢያው ከተማ ሰው፣
ኮቱን የሚወረውር፣ ክራባቱን የሚፈታው፣
በአንድ ክረምት አራት ኮት ከወለሉ የለጠፈ፣
ቴክኒካል ስነፋበት «ይገባኛል» ብሎ ያለፈ።
ሰሌዳው ላይ የሚስለው የዶሮ ጭረት ይመስላል፤
ለልጆቹ ግን ግልጽ ነው፤ ኳሱም መረቡን ያገኛል።

ብራንት ኪልጎር ወጣት ነው፣ ላፕቶፕ የማይለየው፤
«ከማዕዘን ሠላሳ ስምንት በመቶ» ጸሎቱ ነው፣ የሚደግመው።
አንዴ በእረፍት ሰዓት ተጫዋቹ ሲያለቅስ አይቼ
(አያቱ ሞተውበት፤ ኋላ ነው ያወቅሁት ሰምቼ)
ኪልጎር በስክሪኑ ላይ ቁጥር ሲፈልግለት ቆየ።
አላገኘም። ዘጋውና፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣
አብሮት ግድግዳ አየ።

አራቱን በችኮላ ላልፋቸው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ፤
አንደኛው እስከ ዛሬ ስሜን ስቶ ቬርነን የሚለኝ፣
አንዱ ዓይኑን ሳይጨፍን የቅጣት ምት የማያይ፣
ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የማይነጋገሩ ሜዳ ላይ።

ስምንተኛው ታልማጅ ነው፣ አምብሮዝ፣ የትንሿ ኮሌጅ፤
የሰንጠረዡ ግርጌ፣ የዕድል እንጀራ ልጅ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ያን ሌሊት አስታውሳለሁ፦
አራት ሰከንድ ሲቀር በልጁ ፋውል ነፋሁ።
ሁለቱም ምቶች ገቡ። ተሸነፉ በአንድ።
አዳራሹ ጮኸ፤ ወጣሁ በጓሮ መንገድ።
መኪናዬን በረዶ ውጧታል እስከ ጎማዋ፣
ነዳጅ ብሰጣት ብሰጣት መሽከርከር ብቻ ሥራዋ።
ከኋላ ድምፅ ሰማሁ፦ «አንተ ዕውር! ፍሬኑን ልቀቅ!»
ታልማጅ ነው፣ ካፖርት የለው፣ በረዶው በጫማው ሲዘልቅ።
ትከሻውን አስደግፎ ይገፋል፤ ይሰድበኛል፤
ትንፋሹን ሰብስቦ ደግሞ፣ ይሰድበኛል፤ ይገፋኛል።
«እጁ ኳስ ላይ ነበር!» አንድ ግፊት፤ «እግዜር ይይልህ!» ሌላ፤
መኪናዋ ወጣች፤ እሱ ቀረ፣ ተደፍቶ ከኋላ።
በመስታወቴ አየሁት፣ ተነሥቶ ጉልበቱን ሲያራግፍ፣
የፋውሉን ምልክት በእጁ እየሠራ ሲለፍፍ።

ለዚህ የሚሆን ሳጥን ከወረቀቱ ላይ ፈለግሁ።
ድል አለ፣ ሽንፈት አለ፤ ጀርባውን አገላበጥሁ።
ስታንገላንድን አንደኛ አልኩ፤ ስድስት መቶ አይካድም፤
ፒንክስተንን ሁለተኛ፤ ለኮቶቹም ቢሆን አይከፋም።
ከታልማጅ ጎን «ሦስት» ጻፍኩ፤ ላጲስ አነሣሁ፤ መለስኩ።
የሚቆጥሩት ይስቃሉ። ይሳቁ። ፖስታውን ላስኩ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ማንም ያልጠየቀኝ፦
የዚያን ሌሊት ቪዲዮ የልጅ ልጄ አግኝቶ አሳየኝ።
አዘገየሁት፤ መለስኩት፤ ደግሜ አዘገየሁት፤
መነጽሬን ጠርጌ ከቅርብ አፍጥጬ አየሁት።
ፖስታው ሄዷል። ድምፄም ሄዷል። ይህን ግን ለማን ልንገር፦
እጁ ኳስ ላይ ነበር።